ቁጭ የሚሉት ሴቶች

በእኛ መንደር በዊርዙም «መሥራት» የሚለው ቃል የወንዶች ነበር። ወንዶቹ ባሕሩን የሚያግደውን ግድብ ተሻግረው ጀልባቸው ላይ ይወጣሉ፤ እነሱ ይሠራሉ። ሴቶቹ ግድቡ ሥር በተደረደሩት ቤቶች ውስጥ የማድ ቤታቸውን ጠረጴዛ ከበው፣ ወንዶቹ ያመጡትን ግራናት ይፈለፍላሉ። ይህ ግን መሥራት አይባልም። ቁጭ ማለት ነው የሚባለው። አንዷ ሌላዋን በአጥር ላይ «ዛሬ ቁጭ ትያለሽ?» ብላ ስትጠይቃት፣ ግራናት ደርሶሻል ወይ ማለቷ ነው። «ሰሞኑን ቁጭ ብዬ ወገቤ አለቀ» ያለች እንደሆነ ማንም አይስቅባትም፤ እያንዳንዷ የራሷን ወገብ ትዳስሳለች።

ግራናት የከተማ ሰው ሽሪምፕ የሚላት ቅርፊታም የባሕር ፍጥረት ናት፤ የእኛ ባሕር የሚሰጠው ግን ትንሿን፣ ግራጫዋን፣ ከሕፃን ጣት የማትበልጠውን ነው። ጀልባው ላይ ሳለች በባሕር ውኃ ትቀቀላለች። ከዚያ ጭንቅላቷንና ጅራቷን ይዞ መሃሏን ጠምዘዝ ማድረግ ነው። ቀጭ ትላለች፤ ቅርፊቷ ይሳባል፤ እጅ ላይ የሚቀረው እንደ ጥፍር ቁራጭ የጎበጠ ሥጋ ነው። ማሽን ሠርተውላት ነበር፤ ማሽኑ ጨፈለቃት። የሴት ጣት አይጨፈልቃትም፤ ጨው ግን የሴት ጣት ይበላል።

ታሌያ የተወለደችው ከግድቡ ሥር በምሥራቁ ጫፍ ነው። ስታገባ ወደ ምዕራቡ ጫፍ ሄደች። እናቴ «ታሌያ በሕይወቷ የሄደችው ትልቁ መንገድ እሱ ነው» እያለች ትቀልድባታለች። እናቴ ጌስከ ጎረቤቷ ናት፤ በሁለቱ ቤቶች መሃል ያለው አጥር በመመላለስ ብዛት አንድ ቦታ ላይ ተጋድሟል። የምተርከውን አብዛኛውን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ያኔ እኔ ገና የምጠባ ልጅ ነበርኩ። የቀረውን ታሌያ ራሷ ነግራኛለች፤ ቀስ እያለች፣ መሃል ላይ እየተወችው፣ ደግሞ እየጀመረችው።

ባሏ ሃቦ በሰው ጀልባ ላይ ተቀጥሮ ነበር የሚያጠምደው። ሰኞ ይወጣል፣ ዓርብ ይመለሳል፤ ሲመለስ ይበላል፣ ይተኛል፣ የተቀደደ ነገር ካለ ይጠግናል። ክፉ ሰው አልነበረም። ታሌያ የምትፈለፍልበት ክፍያ ከእሱ ድርሻ ጋር አብሮ ነበር የሚመጣው፤ የቱ የእሱ፣ የቱ የእሷ እንደሆነ የጠየቀ ሰው የለም። እሷም አልጠየቀችም።

የቤቱ ጠረጴዛ የአማቷ የኦካ ነበር። ኦካ ወጣት ሳሉ የመንደሩ ሴቶች የየራሳቸውን ቅርጫት አንጠልጥለው እሳቸው ዘንድ ይመጡ ነበር ይባላል፤ መስኮቱ ብርሃን ስለሚያስገባና የኦካ ወሬ ስለሚጥም። ኦካ ወደ እጃቸው ሳያዩ ይፈለፍላሉ፤ የሚያዩት ወደ ሰው ፊት ነው። አንድ የፀደይ ጠዋት በዚያው ጠረጴዛ ላይ እንዳሉ ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው። ከዚያ ወዲህ አልጋቸው ወደ ማድ ቤቱ በሚከፈተው ትንሽ ክፍል ገባ፤ በሩም ቀንም ሌትም ክፍት ሆኖ ቀረ፤ ወሬው እንዲደርሳቸው።

ታሌያ እንግዲህ በአማቷ ቦታ ተቀመጠች። እናቴ ከፊት ለፊቷ፣ እኔን ጭኗ ላይ አድርጋ። ግራናቱ እየተፈለፈለ ታሌያ ትነሣለች፤ ኦካን ታገላብጣለች፣ ታጠጣለች፣ አንሶላ ትለውጣለች፣ እጇን ታጥባ ትመለሳለች። ልጆቿ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ደግሞ ትነሣለች፤ ታበላለች፣ ትቆጣለች፣ ትመለሳለች። ቁጭ የማለት ደግነቱ ይኸው ነበር፤ መነሣት ይቻላል።

ከዚያ ሕጉ መጣ።

ሕጉን ያመጣው ኤቨርት ነበር። ኤቨርት የግራናት ነጋዴው ሾፌር ነው፤ ያልተፈለፈለውን ለየቤቱ እያደለ የተፈለፈለውን ይሰበስባል። የዚያን ዕለት ወደ ታሌያ ማድ ቤት ባዶ እጁን ገባ።

«ሞይን» አለ፤ የእኛ አገር ሰላምታ ነው።

«ሞይን። ቅርጫቱስ? ነው ወይስ ልታጨን ነው የመጣኸው?» አለችው እናቴ።

ኤቨርት ቆቡን አወለቀ። «አልቋል። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ቤት ውስጥ መፈልፈል ክልክል ነው። ማድ ቤት ንጹሕ አይደለም ብለዋል።»

«የማን ማድ ቤት?»

«የሁሉም ማድ ቤት። ሕግ ነው።»

«የታሌያን ወለል መጥተው አይተውታል? የኔ ድመት እንኳ እዚህ ቤት ስትገባ እግሯን ጠርጋ ነው።»

«ኧረ አንቺ ጌስከ፣ እኔን ምን አድርግ ነው የምትይኝ? ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ?»

«አንተማ ምኑን ትጽፈዋለህ! የገዛ ስምህን ስትጽፍ ያልብሃል።»

ታሌያ አልሳቀችም። «ታዲያ ማን ሊፈለፍለው ነው?» አለች።

ኤቨርት ቁጭ አለና የሰማውን ነገራቸው። ወደ የብስ ከገባው የባሕር ሰርጥ ማዶ፣ ወደብ ያለባት ከተማ ውስጥ፣ አዳራሽ ተሠርቷል። ግድግዳው ነጭ ሸክላ፣ ሴቶቹ ነጭ ካፖርት፣ ፀጉራቸው በቆብ የተሸፈነ። ግማሹ ሴት ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት በኋላ ይገባል። የሚሠሩ ሴቶች ያሉበት መንደር ሁሉ አውቶቡስ ይመደብለታል። ይህን የሚያጣራ ሰው ከወረዳው ይመጣል።

ከክፍሉ የኦካ ድምፅ መጣ። አፋቸው ስለተጣመመ ቃላቸው እርጥብ ነበር። «ምን ይላል ሰውዬው?»

«አዳራሽ ተሠራ ይላል፣ እማማ።»

«ለጭፈራ?»

«ለግራናት።»

«ግራናት ምን አዳራሽ ያስፈልጋታል፣ እቺን የምታህል» አሉ ኦካ።

ኤቨርት እንደወጣ ሁለቱ ሴቶች ነገሩን እዚያው ጨረሱት። ታሌያ ጠዋት ትሄዳለች፤ ልጆቿ ያኔ ትምህርት ቤት ናቸው፤ እናቴ ኦካን ታያለች። እናቴ ከሰዓት በኋላ ትሄዳለች፤ ታሌያ እኔን ትይዛለች። ሁሉም ነገር አውቶቡሱ ላይ ነበር የተንጠለጠለው። የሃቦ መኪና ሳምንቱን ሙሉ ወደቡ ላይ ቆሞ ነው የሚውለው፤ ታሌያም መንዳት አትችል። ሰርጡን በብስክሌት ዞሮ መሄድ ደግሞ ነፋሱ ፊት ለፊት ከሆነ ጠዋቱን ይበላዋል። አውቶቡሱ ግን ወስዶ በምሳ ሰዓት ይመልሳታል፤ የኦካ መገላበጫ ሳያልፍ።

ታሌያ ደስ አላት። በማድ ቤቱ መዘጋት ሁሉም ሲያዝን እሷ ደስ አላት፤ ደስታዋንም ደበቀች። ጠዋት በር ዘግቶ መውጣት ምን እንደሚመስል ታስበው ጀመር። ከብዙ ሴቶች ጋር በረጅም ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ። ደመወዝ፣ በስሟ። «ከግድቡ ባሻገር ያለውን ሳይሆን» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ከመንገዱ ባሻገር ያለውን ነበር ማየት የፈለግሁት። ባሕሩንማ ወንዶቹ አይተውልናል።»

ከወረዳው የመጣችው ወይዘሮ ሊንድነር የምትባል ለስላሳ ሴት ነበረች፤ የዝናብ ካፖርቷን በር ላይ አራግፋ የገባች፣ ጫማዋን ላውልቅ ወይ ብላ የጠየቀች። ታሌያ ሻይ አፈላች፤ ጥሩዎቹን ሲኒዎች አወጣች። ሴትዮዋ ስለ መንገዱ ጠየቀች፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ጠየቀች። ከዚያ እንዲህ ሆነ፦

«ወይዘሮ ታሌያ፣ እዚህ ቤት የሚሠራ ማን ነው?»

«ባለቤቴ ነው። ባሕር ላይ ነው።»

«እርስዎስ? ይሠራሉ?»

ታሌያ ሳቀች። «እኔ? ኧረ እኔ አልሠራም። እኔ ቁጭ እላለሁ።»

«ቁጭ ይላሉ።»

«አዎን፣ ካገባሁ ጀምሮ። ሳላገባም ከእናቴ ጋር ቁጭ እል ነበር።»

ወይዘሮ ሊንድነር ቀና ብላ አየቻት። «የመንደሩ ሌሎች ሴቶችስ?»

«ሁላችንም ነን! ዊርዙም ውስጥ ቁጭ የማትል ሴት አያገኙም። ጎረቤቴ ጌስከ ልጇን ታቅፋ ቁጭ ትላለች። አማቴማ ሳይታመሙ በፊት፣ እንደሳቸው ቁጭ የሚል ሰው በዚህ ባሕር ዳር ሁሉ አልነበረም።»

«እና… ይህ ኑሮ ይስማማችኋል?»

«ወገብ ያማል እንጂ ይስማማናል። ወደፊትም ቁጭ ብንል ነው ምኞታችን።»

ወይዘሮ ሊንድነር ፈገግ አለች፤ ጻፈች። ከመጀመሪያው ሲኒ በኋላ ማንኪያዋን ሲኒው ውስጥ አቆመች። እኛ ዘንድ ይህ በቃኝ ማለት ነው፤ ታሌያም «የከተማ ሰው ሆዱ ትንሽ ነው» ብላ አልደገመችላትም። ሴትዮዋ ምናልባት ማማሰል ፈልጋ ይሆናል። ምናልባት ሁለተኛውን ሲኒ እየጠበቀች፣ እነዚህ ሰዎች ሥራ ባይኖራቸውም ሻይ ይቆጥባሉ ብላ ይሆናል የወጣችው።

ቀጥሎ እኛ ቤት ሄደች። ስትመለስ መኪናዋ ገና ከመንደሩ ሳይወጣ ታሌያ በተጋደመው አጥር ላይ ቆማ ነበር።

«ጠየቀችሽ?»

«ጠየቀችኝ እንጂ! ወገቤ እስኪቆረጥ ቁጭ እላለሁ አልኳት።»

«ጻፈች?»

«ጻፈች። ደግሞ አዘነችልኝ መሰለኝ፤ እጄን ያዝ አድርጋኝ ነው የሄደችው።»

አውቶቡሱ ሥራ የጀመረው በመከር ነው። ታሌያ በዋዜማው ነጭ ሽርጧን ተኮሰች። ማለዳ ኦካን አጥባ፣ አብልታ፣ ወደ መስኮቱ አዙራ አስተኛች። ጥቁር ዳቦ በቅቤ በወረቀት ጠቅልላ የመንደራችን መንገድ ከዋናው ጎዳና የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ሄዳ ቆመች። ሌሎችም የመንደሩ ሴቶች መጡ፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ቀን ፀጉራቸውን ተሠርተው። ብርሃኑ ከሩቅ ታየ፤ የእኛ ምድር ጠፍጣፋ ነው፣ የሚመጣ ነገር ለረጅም ጊዜ ይመጣል። አውቶቡሱ ቀረበ፤ በመስኮቶቹ ከእኛ በፊት ያለው የላይኛው መንደር ሴቶች ይታያሉ። ታሌያ እጇን አነሣች። አንዲት ሴት ከውስጥ ሰላምታ መስሏት እጇን አወዛወዘችላት። አውቶቡሱ አለፈ።

«አላየንም» አሉ። ነገ ያየናል አሉ።

በማግስቱ እናቴ እኔን ታቅፋ መጣችና ከመንገዱ መሃል ላይ ቆመች። አውቶቡሱ ጮኸ፣ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ። ሾፌሩ ሽበት የጀመረው ሰው ነበር።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ልጅ ይዘሽ?»

«አንተ ምን ሆነሃል? ትናንት ዓይንህን ቤት ረስተኸው ነው የመጣኸው?»

«እዚህ ፌርማታ የለኝም።»

«ይህ እኮ ዊርዙም ነው።»

«ዊርዙም መሆኑን አውቃለሁ፤ ዊርዙም ውስጥ የምትሠራ ሴት የለችም ተብሎ ነው የተነገረኝ።»

«እና እኛ ምንድን ነን? ላም?»

«እኔ ሾፌር ነኝ፣ እመቤት። ብጭናችሁም አዳራሹ ውስጥ ወንበር የላችሁም፤ ከበር ነው የሚመልሷችሁ። እባክሽ ከመንገዱ ውረጂልኝ፤ እነዚህ ሴቶች ይረፍድባቸዋል።»

«ማነው የለችም ያለው? ስሙን ንገረኝ!»

«እናንተው ናችሁ አሉ። ቤት ለቤት ተጠይቃችሁ።»

እናቴ መንገዱን ለቃ ወረደች። በእናቴ ሕይወት ይህ ብዙ ጊዜ የሚሆን ነገር አይደለም። አውቶቡሱ ሄደ። ያኔ ታሌያ ከኋላዋ፣ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ፣ «ጌስከ» አለች። «ቁጭ እላለሁ ነው እኮ ያልኳት።»

እናቴ ዘወር ብላ አየቻት። «እኔም።»

«ትሠሪያለሽ ወይ ስትለኝ አይ አልኳት።»

«እኔም።»

እናቴ መሳቅ ጀመረች። ሌሎቹም ሳቁ፤ መንገድ ዳር፣ ነጭ ሽርጣቸውን ለብሰው፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እናቴ ሳቋ መቼ ወደ ሌላ ነገር እንደተለወጠ አላወቀችም፤ እኔ ደንግጬ ማልቀስ ስጀምር ነው የነቃችው። ታሌያ አልሳቀችም። ዳቦዋን እንደያዘች ወደ ቤት ተመለሰች፤ ኦካ የሚገላበጡበት ሰዓት ደርሶ ነበር።

በዚያው ሳምንት ታሌያ በብስክሌት ሰርጡን ዞረች። ነፋሱ ፊት ለፊት ነበር። ከተማዋ ስትደርስ ልብሷ በላብና በጉም ረጥቦ ነበር። በወረዳው ቢሮ ወይዘሮ ሊንድነር አወቀቻት፤ ወንበር ሰጠቻት። ታሌያ መንገዱን ሁሉ አንዲት ዐረፍተ ነገር ስታዘጋጅ ነበር የመጣችው፤ «እኔ እሠራለሁ» የምትል። ከአፏ አልወጣም አለቻት። የሰው ልብስ ለብሶ አደባባይ እንደመውጣት ሆነባት።

«ወይዘሮ፣ እኛ ቁጭ ስንል…» አለች፣ «ግራናት ይዘን ነው።»

ወይዘሮ ሊንድነር እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። ነገሩ ገብቷት ፊቷ ቀላ። «ታዲያ ይሠራሉ ወይ ስልዎት ለምን አይ አሉኝ?»

«አልሠራማ።»

«መፈልፈሉስ?»

«እሱማ ቤት ነው።»

ወይዘሮ ሊንድነር የዘንድሮው የአውቶቡስ መስመር ድልድል እንደተዘጋ፣ ወንበሮቹም ለሌሎች መንደሮች እንደተደለደሉ ነገረቻት። መስመሩ በፀደይ እንደገና ይታያል፤ እኔ ራሴ የዊርዙምን ጉዳይ አቀርበዋለሁ፣ ቃል እገባልዎታለሁ አለቻት። ቃሏ እውነተኛ ነበር።

«እስከዚያ እንዲህ በብስክሌት መምጣት አይችሉም? ወንበር ከተገኘ?»

«አማቴ አልጋ ላይ ናቸው።»

«ሌላ የሚረዳዎት የለም? ባለቤትዎ?»

«ባለቤቴ ይሠራል» አለች ታሌያ።

ስትመለስ ነፋሱ ከኋላዋ መሆን ነበረበት፤ አቅጣጫውን ቀይሮ ጠበቃት። ኦካን እናቴ ብቻዋን ልታገላብጥ ሞክራ አልቻለችም ነበር፤ አሮጊቷ በእርጥብ አንሶላ ላይ ነበሩ። አልተቆጡም። «የት ነበርሽ?» ብቻ አሉ።

«ከተማ፣ እማማ።»

«ምን ልታደርጊ?»

ታሌያ አንሶላውን እየሳበች፣ «ልንገራቸው ብዬ» አለች። «ነገርኳቸው።»

ያ ክረምት ረጅም ነበር። ጠረጴዛው ላይ ምንም አልነበረም። ታሌያ ወለሉን ታጥባለች፣ እንደገና ታጥባለች። የኦካ በር እንደተከፈተ ነው፤ የሚገባበት ወሬ ግን የለም። «ሴቶቹ የት ሄዱ?» ይላሉ ኦካ። ታሌያ ትነግራቸዋለች። በማግስቱ እንደገና ይጠይቃሉ። ከዚያ መጠየቁን ተዉት፤ ከዚያ ሌላውንም ንግግር እየተዉ መጡ። የማትንቀሳቀሰው እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ፣ የምትንቀሳቀሰው ደግሞ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ የልብሱን ጠርዝ ጠምዘዝ፣ ጠምዘዝ ታደርጋለች።

ሃቦ ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶውን ጠረጴዛ ያያል። «ደህና ሆነ» አላት አንድ ቀን፣ ከልቡ። «ዕድሜሽን ሙሉ ያ ሽታ። አሁን ታርፊያለሽ።»

ታሌያ ምን ብላ ትመልስለት? ለመድከም ፈልጌ ነበር ትበለው?

ቢሆንም ፀደይን ትጠብቅ ነበር። ሽርጡን አጥባ አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ አኑራዋለች። የላይኛው መንደር ሴቶች አዳራሹ ውስጥ ብርድ ነው ይላሉ፤ ማውራት ክልክል ነው፣ ለሽንት መነሣት በፈቃድ ነው፣ የቸኮለች ሴት ታላቅ እህቷን እንኳ ቀና ብላ አታይም ይላሉ። ታሌያ ይህን ሁሉ እየሰማች «ይሁን» ትል ነበር። በልቧ እዚያ ረጅም ጠረጴዛ ጥግ ላይ አንድ ወንበር ይዛ ነበር።

በዚያ ሰሞን አገራችንን ለሁለት የከፈለው ግንብ ፈርሶ፣ የምሥራቁ ድንበር ተከፍቶ፣ ሬዲዮኑ ቀኑን ሙሉ ደስታ ደስታ ይል ነበር። እኛም ደስ ብሎን ነበር። መጋቢት ላይ ኤቨርት መጣ። ትንሿን መኪና ትቶ ትልቅ የማቀዝቀዣ መኪና ይዟል፤ በመንደራችን መንገድ ውስጥ መዞር አቅቶት ዳር አቁሞ በእግሩ ነው የገባው።

«ሞይን። አዳራሹ ተዘጋ» አለ።

«የቱ አዳራሽ?» አለች ታሌያ፣ ሌላ አዳራሽ ያለ ይመስል።

«የግራናቱ። ከእንግዲህ ፖላንድ ነው የሚፈለፈለው። እኔ ነኝ የማደርሰው። እዚያ ያሉ ሴቶች በርካሽ ቁጭ ይላሉ። ተፈልፍሎ ሲያልቅ መልሼ አመጣዋለሁ።»

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር። «እኛን እዚህ ሰርጡን ማሻገር አቃታቸው። ግራናቷን ግን አገር ለአገር ያዞሯታል?»

«መንገዱ ጥሩ ነው።»

«ሬሳ ሆና አገር አየች በላ! እኛ በሕይወት እያለን ከዚህ መታጠፊያ አላለፍንም።»

ኤቨርት ቆቡን ያሽከረክራል። «ሴቶቹ እንደ እናንተው ናቸው» አለ፣ የሚያጽናና መስሎት። «ጠረጴዛ ከበው ያወራሉ። ምን እንደሚሉ አይገባኝም እንጂ።»

«አንተ የኛስ መቼ ገብቶህ ያውቃል?» አለች እናቴ።

ታሌያ ግን ሌላ ነገር ነበር የጠየቀችው። «ልጆች አሏቸው?»

«ይኖራቸዋል እንጂ።»

«ማን ይይዝላቸዋል?»

ኤቨርት አላወቀም። የሚያውቅበት ምክንያትም አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፖላንድም ውድ ሆነ ተባለና ግራናቷ ሞሮኮ ድረስ መሄድ ጀመረች፤ እዚያ ያሉትን ሴቶች ማን ምን ብሎ እንደጠየቃቸው፣ እነሱስ በምን ቃል እንደመለሱ፣ ለእኛ የነገረን የለም።

ወይዘሮ ሊንድነር ቃሏን ጠበቀች። በግንቦት ሁለት ሠራተኞች መጡና ከዋናው ጎዳና መታጠፊያ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው የብረት ምሰሶ አቆሙ፤ ከላዩ ላይ «ዊርዙም» የሚል ሰሌዳ። አዳራሹ የነጋዴዎቹ ነበር፣ ተዘጋ፤ መስመሩ ግን የወረዳው ነበር፣ በጀቱ ጸድቆለታል፣ አይዘጋም። አውቶቡሱ በዚያው በአዳራሹ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት እየመጣ ይቆም ጀመር። በሩን ይከፍታል። ይዘጋል። ይሄዳል።

እናቴ አንድ ቀን ተሳፍራ ከተማ ደርሳ መጥታለች፤ ለወሬው። ከዚያ ለበጋ እንግዶች የሚከራዩትን ቤቶች የማጽዳት ነገር አገኘች፤ በሌላ አቅጣጫ፣ በብስክሌት፣ እኔን ከኋላ አስቀምጣ። ታሌያ አልተሳፈረችም። እናቴ ቤት ስለማትውል ኦካን የሚያይላት ሰው የለም፤ ቢኖርም ወርዳ የምትገባበት በር አልነበረም።

መስኮቷ ግን ወደዚያ ነው የሚያየው። ኦካን የምታጥበው በዚያ ሰዓት ነው፤ አውቶቡሱ ሲቆም እጇን ከውኃው ሳታወጣ ቀና ትላለች። ልጆቿ አንዳንዴ «እማዬ፣ ማንን ነው የምትጠብቂው?» ይሏታል። «ማንንም» ትላቸዋለች።

በጋው ሊያልቅ ሲል ሾፌሩ፣ ያ ሽበት የጀመረው፣ አውቶቡሱን ፌርማታው ላይ አቁሞ በእግሩ መጥቶ አንኳኳ።

«ወይዘሮ ታሌያ እርስዎ ነዎት? ፌርማታውን ያስተከሉት እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

«ጠይቄ ነበር።»

ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን አየ። «ከሰኞ ጀምሮ እዚህ አልቆምም። ስንት ሰው ይሳፈራል ብለው ጠየቁኝ፤ ከዊርዙም ማንም አይሳፈርም አልኳቸው። ምን ልበል? እውነቱ እሱ ነው። ሳልነግርዎ ባልፍ ደስ አላለኝም።»

«ደግ አደረጉ» አለች ታሌያ። «ሻይ ይጠጣሉ?»

«አይ፣ ይረፍድብኛል።»

አውቶቡሱ ውስጥ ማንም አልነበረም። ቢሆንም ሰዓት ሰዓት ነው። ሰውዬው ሄደ። ታሌያ በሩን ዘግታ ለጥቂት ጊዜ እጀታውን እንደያዘች ቆመች፤ ምን እንዳሰበች ጠይቄያት «ምንም፤ ውኃው ይቀዘቅዛል ብዬ» ነው ያለችኝ።

ከዚያ ወደ ኦካ ገባች። አንድ እጇን ከትከሻቸው ሥር፣ ሌላውን ከዳሌያቸው ሥር አድርጋ፣ አሮጊቷን ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው በኩል አገላበጠቻቸው።